ሁለት ጸደይ የከሰርኩበት ጓሮ

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰዎች ደወሉልኝ። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው። «ሙቀቱ ገብቷል፤ ቃሪያና ቲማቲሙን አሁን ብተክለው ምን ይመስልሻል?» ሁሉም እንደኔ ሜሪላንድና ቨርጂንያ የሚኖሩ፣ ጓሮ ያለው ቤት በቅርቡ ያገኙ ናቸው። መልሱን በስልክ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። እኔ ለዚህ መልስ ሁለት ጸደይ ከፍዬበታለሁ። እናንተ እንዳትከፍሉ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እማዬ ከጎጃም የመጣችው በ2021 ኖቬምበር ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከቤቷ ጀርባ ጓሮ ያላት ሴት ናት። ጎመን ሲያሰኛት በሩን ከፍታ ወጥታ ቀንጥሳ የምትገባ። እዚህ ስትደርስ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሟል፣ ሣሩ ቡናማ ሆኗል። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ስገባ ጋቢዋን ተከናንባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኛታለሁ። ማታ ስወጣም እዚያው ናት። ወሬዋ እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን «እዚህ አገር መሬቱ ሞቷል እንዴ?» አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ። «ትንሽ ታገሺኝ፣ ጸደይ ሲመጣ ጓሮው ያንቺ ነው» አልኳት። ጥድፊያዬ ሁሉ የመጣው ከዚያ ቃል ነው።

መጀመሪያ የዘሩን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይጎዳበታል። እማዬ የጎመን፣ የበሶብላና የድምብላል ዘር በጨርቅ ቋጥራ ነበር የመጣችው። አየር ማረፊያ ላይ ተወሰደባት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ አልነገርኳትም። ለመትከል የሚሆን ዘር ወደ አሜሪካ ሲገባ ከተነሳበት አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ወይም አስቀድሞ የወጣ ፈቃድ ይጠየቃል። እናትና አባታችሁን ልታስመጡ ከሆነ ይህን ንገሯቸው። ዘር ከያዙም ሲገቡ ይናገሩ። የእኛን ጎመን ዘር እዚሁ አገር ያሉ ዘር ሻጮች «የኢትዮጵያ ጎመን» ብለው ይሸጡታል። በሶብላውንም ከዘመድ አዝማድ ጓሮ አገኘነው። እማዬ ግን ያችን ቋጠሮ ለወራት ታነሳት ነበር።

በ2022 ማርች ላይ የመጀመሪያው ሙቅ ቅዳሜ መጣ። ከሁለት ቀን በፊት ዝናብ ጥሎ ነበር። እኔና ባለቤቴ አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን። የእኛ ጓሮ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። እማዬ ጎንበስ ብላ አንድ ጭብጥ አነሳች። ጨመቅ አድርጋ እጇን ከፈተችልኝ። አፈሩ እንደ ሊጥ ተድበልብሎ የጣቶቿ አሻራ እስከ መስመሩ ታትሞበታል፣ ላዩም ያብረቀርቃል። «ከዚህ ምጣድ ይወጣዋል እንጂ ጎመን አይወጣውም» አለች። እኔ ደግሞ «እማዬ፣ እዚህ አገር ሌላ ነው» አልኳት። ይህን ቃል በማለቴ እስካሁን ያመኛል።

ቀኑን ሙሉ ቆፈርን። ኤፕሪል ሲገባ የገለበጥነው ሁሉ ደርቆ ጡብ ሆነ። በዶማ ብንመታው ይፈረከሳል እንጂ አይደቅም። ሸክላ አፈር እርጥብ ሳለ ሲቆፈርና ሲረገጥ በውስጡ ያለው የአየር ቀዳዳ ይደፈናል። ያኔ ውኃም ሥርም አያልፍበትም። ያንን ቦታ መልሶ ለማላላት ሁለት ዓመት ቅጠልና ብስባሽ ፈጅቶብናል።

ስለዚህ የጸደይ የመጀመሪያው ሥራ አፈሩን መጨበጥ ነው። አንድ ጭብጥ ጨምቁና በአውራ ጣት ነካ አድርጉት። ከተፈረፈረ ሥሩበት። ተድበልብሎ ከቀረ ሁለት ሦስት ቀን ተዉትና ደግማችሁ ሞክሩ። መደቡንም ከ4 ጫማ አታስፉት። ከዳር ሆናችሁ በእጃችሁ መሃሉ ድረስ ከደረሳችሁ በእግራችሁ አትረግጡትም።

ከመቆፈራችሁ በፊት ደግሞ 811 ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ የትም ብትሆኑ ነፃ ነው። ጥቂት የሥራ ቀናት ትጠብቃላችሁ፤ ሰዎች መጥተው ከመሬት በታች መስመር የሚያልፍበትን በቀለም ያሰምሩላችኋል። ቀይ የመብራት ነው፣ ቢጫ የጋዝ፣ ብርቱካንማ የስልክና የኢንተርኔት፣ ሰማያዊ የውኃ። እኛ አልደወልንም። ባለቤቴ በዶማ የኢንተርኔቱን ገመድ በጠሰው። ጋዝ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ከዚያ የውርጩ ነገር መጣ። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ 80 ፋራናይት ሆነ። ሱቆች ደጃፍ ላይ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ተደርድሯል። የሚሸጥ ከሆነ ጊዜው ነው ማለት ነው ብዬ 12 ቲማቲምና 18 ቃሪያ ገዛሁ። እማዬ በእጇ ተከለቻቸው። በዚያ ቀን ከመጣች ጀምሮ ሰምቼ የማላውቀውን እንጉርጉሮ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ከአሥር ቀን በኋላ ከሥራ ስገባ ውጪ ቆማለች። ቅጠሎቹ በፈላ ውኃ የተነከሩ ይመስል ጠቁረው ተንጠልጥለዋል። «ውርጭ በላው» አለች። ውርጭን ታውቀዋለች። አገሯ ላይ ባቄላ ሲመታ አይታለች። እንደዚያ በሞቀ ሰሞን ይመጣል ብላ ግን አልጠረጠረችም፤ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ሰዎች የችግሩ ሥር ይህ ይመስለኛል። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 4 እስከ ጁላይ 2 ማለት ነው። ከዚህ አገር ጸደይ ጋር ብዙም አይራራቅም። ስሙም ወራቱም ስለሚገጣጠሙ ሥራው አንድ ይመስለናል። አይደለም። እኛ ያደግነው ሰማይ አይተን ስንዘራ ነው። የምንጠብቀው ዝናብን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ይጥላል። እዚህ የሚጠበቀው ሙቀት ነው፤ እሱም የቀኑ ሳይሆን የሌሊቱና የአፈሩ። በሸሚዝ የወጣችሁበት ቀን ማታ ውርጭ ሊጥል ይችላል።

በእኛ ሰፈር እስከ ሜይ መጀመሪያ ውርጭ አይታመንም። የድሮ ሰዎች የእናቶች ቀንን ጠብቁ ይላሉ፤ የሜይ ሁለተኛው እሑድ ነው። እኔ ከዚያ በላይ የማምነው ቴርሞሜትር ነው። የአፈር ቴርሞሜትር ገዝቼ በጠዋት 4 ኢንች ያህል ወደ ውስጥ እሰካዋለሁ። ለተከታታይ ቀናት 60 ፋራናይት ካላለፈ ቃሪያ አይተከልም። ሌሊቱም ከ50 በታች መውረዱን ማቆም አለበት። ውርጭ ባይነካው እንኳ ብርድ ላይ የተተከለ ቃሪያ ቢጫ ሆኖ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ ከ18ቱ አራት ተርፈው ነበር። ሜይ አጋማሽ ላይ የገዛናቸው በሦስት ሳምንት ውስጥ አለፏቸው።

እጃችሁ አልቀመጥ ካለ ደግሞ ብርድ የሚችለውን ዝሩ። አተር፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች። እነዚህ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ መሬት ቢገቡ ደስ ይላቸዋል። እንዲያውም ከዘገያችሁ የጁን ሙቀት ይደርስና ሰላጣው አበባ አውጥቶ ይመርራል። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ተገላቢጦሽ ነበር የሠራነው። ቃሪያውን አስቀድመን አተሩን አዘገየነው። የተረፈውን አተር አጋዘን በአንድ ሌሊት ጨረሰው፤ አጥር ሳታጥሩ አትጀምሩ።

ሁለተኛው ዓመት የከፋው ነው። አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው አያውቅም።

በ2023 ጸደይ አፈሩን እናድነው ብለን ፍግ ፈለግን። እማዬ «ፍግ የሌለው ጓሮ ምን ጓሮ ነው» ትላለች። ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ፈረስ የሚያረባ ሰው ፋንድያ በነፃ እንደሚሰጥ ሰማን። መኪና ተከራይተን ሁለት ጊዜ ተመላለስን። ያረጀ፣ የጠቆረ፣ እንፋሎት የሌለው ፋንድያ ነበር። እማዬ በእጇ ዘግና አሸተተችው። ፊቷ በራ። «ይኼ ወርቅ ነው» አለች። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሁሉንም መደብ አለበስነው። ሜይ አጋማሽ ላይ፣ በቴርሞሜትር፣ በትዕግሥት፣ ሁሉን በወጉ ተከልን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የቲማቲሙ ጫፍ ይጠማዘዝ ጀመር። አዲስ የሚወጣው ቅጠል እንደ እንስላል ቀጥኖ ይሸበለላል። የፎሶሊያው ቅጠል ወደ ላይ ተቆልምሞ ስኒ መሰለ። ቃሪያው ቀጨጨ። እኔ ውኃ አነሰው ብዬ አጠጣሁ። ቀጥሎ ውኃ በዛበት ብዬ ተውኩት። ማዳበሪያ ጨመርኩ። በሽታ ነው ብዬ ነቅዬ ጣልኩና አዲስ ችግኝ ገዝቼ እዚያው ቦታ ላይ ተከልኩ። እሱም እንደዚያው ሆነ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ነገሩን የፈታችው እማዬ ናት። አንድ ማታ እግሯን እየታጠበች «ጎመኑና በቆሎው ምንም አልሆኑም እኮ። በሽታ ቢሆን እንዲህ ይመርጣል?» አለችኝ። በነጋታው ፎቶ አንስቼ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ላክሁ። የአትክልት ጥያቄ በነፃ ይመልሳሉ። ሌሎች ግዛቶችም ውስጥ እንዲህ ያለ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አለ፤ የእናንተን ፈልጉት። መልሱ የደረሰኝ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ባልኩበት ነው። የመጀመሪያው መስመር ጥያቄ ነበር፤ የፈረስ ፋንድያ ወይም ድርቆሽ ተጠቅማችኋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ግጦሽና ድርቆሽ ላይ የሚረጩ አሚኖፒራሊድና ክሎፒራሊድ የሚባሉ ፀረ አረም መድኃኒቶች አሉ። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላሉ፣ ሣርን አይነኩም። ፈረሱ ድርቆሹን ይበላል፣ መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ሳይፈርስ ያልፋል። ፋንድያው ከርሞ ቢበሰብስም በቀላሉ አይጠፋም። በጣም ጥቂቱ እንኳ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ አተርና ፎሶሊያን ያጣምማል። በቆሎ የሣር ዘር ስለሆነ ደህና ነበር። ጎመንም ቻለው። ፋንድያውን የሰጠን ሰው ራሱ አላወቀም፤ ድርቆሹን የሚገዛው ከሌላ ነው።

ይህን ለእማዬ ስነግራት ዝም አለች። ለሁለት ቀን ወደ ጓሮ አልወጣችም። መስኮቱ ሥር ተመልሳ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ አምጡ ያልኩት» አለች በመጨረሻ። አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። አንቺ አገር ከብቱ የበላው ማንም ያልረጨበትን ሣር ነው፤ ያወቅሽው ሁሉ ልክ ነው፣ የተለወጠው ሣሩ ነው አልኳት። ብዙ አሰበች። ከዚያ «ታዲያ መርዙን በምን እንለየዋለን?» አለችኝ። ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ተመልሳ እንደምትወጣ አወቅሁ።

የሚለየው በፎሶሊያ ዘር ነው። ስድስት ትንንሽ ማሰሮ ውሰዱ፣ የእርጎ ዕቃ ቢሆንም ሥሩን ብሱት። ሦስቱ ውስጥ የተጠራጠራችሁትን ፍግ ከንጹሕ የማሰሮ አፈር ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ሦስቱ ውስጥ ንጹሑን አፈር ብቻ አድርጉ። በየማሰሮው ሦስት አራት ፍሬ ዝሩና ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ አኑሩ። ከሥራቸው የምታስቀምጡትን ሳሕን አታጋሩ፤ ከአንዱ የወረደው ውኃ ወደ ሌላው እንዳይሄድ። ሦስት ሳምንት ገደማ ጠብቁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች ሳይሆን ቀጥለው የሚመጡትን ተመልከቱ። ፍግ ያለበት ብቻ ከተቆለመመ ያንን ፍግ አትንኩት። በከረጢት የሚሸጥ ብስባሽ ላይም ይህን አደርጋለሁ፤ ከእሱም ችግር ያገኛቸው ሰዎች አሉ። ፍግ ስትቀበሉ ደግሞ «ድርቆሹ ምን ተረጭቶበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰጪው አላውቅም ካለ ፈትሹ።

ካፈሰሳችሁት በኋላ ከሆነ የደረሳችሁበት፣ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጥረግ የቻልነውን አነሳንና የራሳችን ሣር ላይ በተንነው። ለሰው አልሰጠንም፣ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥም አልጨመርንም። የቀረውን አፈር ደጋግመን ገለበጥነው፤ መድኃኒቱን የሚያፈርሱት አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወታውያን ናቸው፣ እነሱ ደግሞ አየርና ሙቀት ይፈልጋሉ። እዚያ ቦታ ላይ በቆሎ ብቻ ዘራን። ለቲማቲምና ለቃሪያው ከፍ ያሉ ሁለት የእንጨት መደቦች ሠርተን በፎሶሊያ የተፈተነ አፈር ሞላንባቸው። ወጪው ቀላል አልነበረም።

ጥሬ ፍግን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ መድኃኒት ባይኖርበትም አትክልቱ ከመለቀሙ ቢያንስ 120 ቀን በፊት መሬት ይግባ ይባላል፣ በተለይ መሬት ለሚነካና ጥሬውን ለሚበላ አትክልት፤ ለጤና ነው። ስለዚህ ፍግ እዚህ አገር ቅጠል የሚረግፍበት የመኸር ወራት ሥራ ነው። የጸደይ አይደለም።

2024 ላይ ተሳካልን። ያን ዓመት ከመጀመራችን በፊት አፈራችንን ላቦራቶሪ ልከን አስመረመርን፣ ልጆችን የሚጎዳውን ሊድ የሚባል መርዛማ ብረትም ጨምሮ። ቤታችን የተሠራው በ1950ዎቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊድ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የተላጠው ቀለም ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ውስጥ ይቀራል። የእኛም እዚያ ጋ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጎመናችን የነበረው እዚያ ስለነበር መደቡን ወደ ጓሮው መሃል አመጣነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ይህን አትዝለሉት።

ችግኝ ቤት ውስጥ ካፈላችሁ ደግሞ አለማምዱት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ከመስኮት አንስቼ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ቅጠላቸው ነጭ ሆኖ ተቃጠለ። መጀመሪያ ቀን ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ በነጋታው ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያላችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውሰዱ። ለጎመኑም ትሏ ቅጠሉን የሚበላው ነጯ ቢራቢሮ ሳትቀድማችሁ የተከላችሁት ዕለት ሸፍኑት። እማዬ መጀመሪያ ያረጀ ነጠላዋን ነበር የዘረጋችበት። ለሳምንት ሠራ። ከዚያ ዝናብ ጠጥቶ ከበደና ችግኙን መሬት ላይ አስተኛው። አሁን ሽቦ አጉብጠን በላዩ ቀላል መረብ እናለብሳለን። ዳሩን በድንጋይ ካልያዛችሁት ግን ቢራቢሮዋ በሥር ትገባለች።

ይህን የምጽፈው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ፣ እማዬ በመጣችበት የብርድ ወራት ተቀምጣ በምትውልበት ቦታ፣ ስድስት የእርጎ ዕቃ ተደርድሯል። የአንድ ጓደኛችንን ፍግ እየፈተነችለት ነው። እስካሁን ሁሉም ቅጠል ቀጥ ብሏል። ዛሬ ጠዋት አብረን ወጥተን ቴርሞሜትሩን ሰካነው። 57 አለ። እሷ ደግሞ ጣቷን እስከ መገጣጠሚያው አስገብታ ትንሽ ቆየች። «ገና ነው» አለች። ቃሪያውን በሁለት ትሪ ይዘን ወደ ቤት መለስነው።